የሚቆጣላት ዘመድ የላትም?

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሳውዝሃምፕተን እኛ ዘንድ በከረመችበት ጊዜ ነው። ልጄ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጣ መጽሐፍ እያነበበች ብቻዋን ትስቃለች። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ቀና ብላ ታያታለች፣ እንደገና ወደ ሽንኩርቷ ትመለሳለች። በመጨረሻ አልቻለችም፤ «እስኪ ለእኔም ንገሪኝ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቅሽ?» አለቻት።

ልጄ ባላት አማርኛ ጀመረች። «እማማ፣ አንድ ጸሐፊ አለች፣ ጄን ኦስተን የምትባል። ድሮ ሞታለች። እዚህ ውስጥ ግን አልሞተችም፤ ቫምፓየር ሆና አሜሪካ ውስጥ መጽሐፍ ትሸጣለች። አንዳንዴ ሰው ትነክሳለች፣ ደም ትጠጣለች። ግን ጥሩ ሴት ናት።»

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ጭራቅ አደረጓት? የእውነት ሰው ናት ወይስ ተረት?»

«የእውነት ሰው ናት።»

«መቃብሯ አለ?»

«አለ እንጂ፣ ከዚህ ሩቅም አይደለም፣» አልኳት እኔ።

«ታዲያ የሚቆጣላት ዘመድ የላትም?»

ከሞተች ሁለት መቶ ዓመት አልፏታል፣ ማን ይቆጣላታል ብዬ በሳቅ ላልፈው ሞከርኩ። እናቴ «ሁለት መቶ ዓመትስ ቢሆናት?» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ለእሷ ነገሩ እዚያው አለቀ። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤ ቀረሁ፤ ሥራ ስሄድም፣ ልብስ ሳጥፍም አብሮኝ ይዞራል። በእርግጥም የሚቆጣላት ዘመድ አልነበራትም?

ልጄ የያዘችው መጽሐፍ የአሜሪካዊው ማይክል ቶማስ ፎርድ የ2010 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት የፈረንጅ ዓመታትም እንደዚያው) ልብ ወለድ ነው። ጄን ኦስተን በኒው ዮርክ ግዛት በአንዲት ትንሽ ከተማ የመጽሐፍ መደብር ከፍታ፣ ማንነቷን ደብቃ ትኖራለች። ሌሎች በስሟ ሲነግዱ ታያለች፣ አዲስ ድርሰቷን ይዛ አሳታሚ ደጅ ትጠናለች፣ አሳታሚዎቹም ይመልሷታል። ነክሶ ቫምፓየር ያደረጋት ደግሞ ገጣሚው ሎርድ ባይረን ነው። ከዚያ በኋላ የዚህ ዓይነት ሌሎች መጻሕፍትንም ከቤተ መጻሕፍት እያወጣሁ አየሁ። ሐቁን ለመናገር ብዙዎቹ ቀላል ናቸው። የታወቀ ስም ይወስዳሉ፣ ጥርስ ይገጥሙበታል፣ የድሮ ልብስ ያለብሱታል፣ አለቀ። ስሙን አውጥታችሁ ሌላ ብትተኩ የሚጎድል ነገር የለም። ጥቂቶቹ ግን የሰውየውን ጠባይ አውቀው ነው የሚጫወቱት። የእናቴን ጥያቄ ያከበደብኝም እነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው።

ቂመኛው ሐኪም

ደራሲን ቫምፓየር ማድረግ የዘመናችን ቅብጠት ይመስለኝ ነበር። ለካ የቫምፓየር ታሪክ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሆኖ ሲጀመርም በዚሁ ነው የጀመረው።

የ1816ን በጋ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከዓመት በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ሰማዩን ስለጋረደው አውሮፓ ያን ዓመት በጋ አላየችም። ባይረን ጄኔቭ ሐይቅ ዳር ቤት ተከራይቷል። ገጣሚው ሼሊና ገና አሥራ ስምንት ዓመቷ የነበረችው ሜሪ በእንግድነት ይመጣሉ፤ ዝናቡ አላስወጣ ሲላቸው ባይረን ሁላችንም አንዳንድ የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ አለ። የሜሪው ፍራንከንስታይን ሆኖ በ1818 ወጣ። ባይረን ትንሽ ጀምሮ ሰለቸውና ተወው። የእሱን ትራፊ ያነሣው አብሮት የሚጓዘው የግል ሐኪሙ ነበር፤ ጆን ፖሊዶሪ፣ የሃያ ዓመት ወጣት፣ ደራሲ መሆን የሚመኝ፣ በጌታውና በጌታው ወዳጆች ዘወትር የሚሾፍበት።

ብዙም ሳይቆይ ባይረን አሰናበተው። ፖሊዶሪ ከትራፊው ያወጣው ታሪክ ውስጥ ሎርድ ሩትቨን የሚባል መኳንንት አለ፤ ፊቱ የገረጣ፣ ሴት ሁሉ የሚከጅለው፣ የቀረበውን ሁሉ አጥፍቶ የሚሄድ፣ ሞቶ የሚነሣ ደም መጣጭ። ማን እንደሆነ ለመገመት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም ነበር። ሩትቨን የሚለውን ስም እንኳ ያገኘው የባይረን የቀድሞ ወዳጅ ካሮላይን ላምብ እሱኑ ለመበቀል በ1816 ካሳተመችው ልብ ወለድ ነው። የሐኪሙ ቂም በሴቲቱ ቂም ላይ ተደረበ ማለት ነው።

በኤፕሪል 1819 ታሪኩ በአንድ የለንደን መጽሔት ወጣ፤ በማን ስም? በባይረን ስም! ባይረን የኔ አይደለም ብሎ ለጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ፣ እኔ ቫምፓየሮችን በግሌ አልወድም፣ ያለኝ ጥቂት ትውውቅም ምስጢራቸውን እንዳወጣ አያደርገኝም ብሎ ቀለደ። ፖሊዶሪ ግን ለመቀለድ የሚሆን አቅም አልነበረውም። ሥራው በጌታው ስም አውሮፓን ሲዞር እያየ በ1821፣ በሃያ አምስት ዓመቱ ሞተ።

እዚህ ላይ የእናቴ ጥያቄ ቀላል ነው። ባይረን በሕይወት ነበረ፣ ራሱ ተቆጣ፣ ራሱም መለሰ። ዛሬ በባይረን የሚቀልዱት ደራስያን ደግሞ እሱ ራሱ ያዘጋጀላቸውን ነው የሚያነሡት፤ በቁመናው መመካቱን፣ ሴት ማሳደዱን፣ ዕዳውን። ዘመኑ እንኳ ይተባበራቸዋል። በ1938 አንድ የኖቲንግሃምሻየር ቄስ ሃክናል ቤተ ክርስቲያን ሥር ያለውን የባይረንን መቃብር ሲያስከፍት፣ ከሞተ 114 ዓመት የሆነው ሰውዬ መልኩ እስኪለይ ድረስ ሳይፈርስ ተገኘ። ሬሳው ከግሪክ ሲመጣ በመድኃኒት ታሽቶ ስለነበረ ነው። ቢሆንም ይህን ያነበበ ደራሲ ብዕሩን ሳያነሣ ይቀራል?

ኦስተን ግን ሌላ ናት። ማንም ቂም አልያዘባትም። እሷን ቫምፓየር ያደረጓት የሚወዷት ናቸው፤ ግራ ያጋባኝም ይህ ነው።

ድንጋዩ

ዊንቸስተር ከኛ በባቡር ቅርብ ናት። እናቴ እዚህ አገር ያሉ የድሮ አብያተ ክርስቲያናትን ማየት ትወዳለች፤ ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆንም ነጠላዋን አስተካክላ፣ በሩን ተሳልማ ነው የምትገባው። ካቴድራሉ ውስጥ በግራ በኩል ስትሄዱ ወለሉ ላይ ጥቁር ድንጋይ አለ። ሰው ከቦት ቆሞ ነበር። ተራችን ሲደርስ ጽሑፉን እያነበብኩ በአማርኛ ነገርኳት፤ የእገሌ ቄስ የመጨረሻ ሴት ልጅ፣ በጁላይ 18 ቀን 1817 በአርባ አንድ ዓመቷ ያረፈች፣ ረጅም ሕመሟን በክርስቲያን ትዕግሥትና ተስፋ የተሸከመች፣ ልቧ ቸር፣ ጠባይዋ ጣፋጭ፣ የአእምሮዋ ስጦታ እጅግ የላቀ።

«ዘመድስ ነበራት፣» አለች እናቴ። «አሳምረው ነው የጻፉላት።» ከዚያ ዙሪያውን ያለውን ሰው አየት አደረገችና «ሥራዋ ግን ምን ነበር? ይሄ ሁሉ ሰው የሚመጣው ጠባይዋ ጣፋጭ ስለነበረ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ድንጋዩ መጽሐፍ ጻፈች አይልም። አንድም ቃል የለበትም። በሕይወቷ ያሳተመቻቸው አራት ልብ ወለዶች ሁሉ ያለ ስሟ ነው የወጡት፤ የ1811ዱ የመጀመሪያዋ መጽሐፍ ላይ «በአንዲት እመቤት» ብቻ ነው የሚለው። በጽሑፏ የታወቀች መሆኗን የሚናገር የናስ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው በ1872 ነው። ያንን ያሰቀለው የወንድሟ ልጅ ስለ አክስቱ የጻፈው የሕይወት ታሪክ ባመጣው ገንዘብ ነው።

ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም ይባላል። ጄን ኦስተንን ዘመዶቿ ሲያመሰግኗት ምን እንዳደረጉ ለማወቅ ከዚያ ቀን በኋላ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያገኘሁት የእናቴን ጥያቄ ገለበጠው። የሚቆጣላት ዘመድ ሞልቷት ነበር። ሲቆጡላት ኖረው ነው እንዲያውም ሴቲቱ የጠፋችብን።

እኅቷ ካሳንድራ ከመሞቷ ጥቂት ዓመታት በፊት የጄንን ደብዳቤዎች አብዛኞቹን አቃጠለች፤ ዛሬ የቀሩት 160 ያህል ብቻ ናቸው። የተረፉት እንኳ ምን እንደሚመስሉ ልንገራችሁ። በ1798 ስለ አንዲት ጎረቤት ስትጽፍ፣ ሴትየዋ ደንግጣ ያለ ጊዜው የሞተ ልጅ ወለደች፣ ሳታስበው ባሏን አይታው ይሆናል ትላለች። ይህ ከቃጠሎው ያመለጠው ነው! የተቃጠለው ምን ይሆን? በ1811 ደግሞ ስለ አንድ ጦርነት ሰምታ፣ ይህ ሁሉ ሰው መሞቱ እንዴት ያሰቅቃል፣ ከመካከላቸው የምናስብለት አንድም ሰው አለመኖሩስ እንዴት ያለ በረከት ነው ብላ ጻፈች። ጠባይዋ ጣፋጭ ነበረ?

የወንድሟ ልጅ በ1869 ማብቂያ ላይ ባሳተመው የሕይወት ታሪክ የምናገኘው ደግ፣ ጸጥተኛ፣ ስፌት የምትሰፋ አክስት ናት። ካሳንድራ ቀደም ሲል እኅቷን በእርሳስ ሥላት ነበር፤ እጆቿን አጣምራ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ የሆነ ነገር አናዷት ወደ ጎን የምታይ ሴት። ለመጽሐፉ ይህ ሥዕል ታደሰ፤ ፊቷ ሞላ፣ ዓይኗ ለሰለሰ፣ ቁጣው ጠፋ። በ2017 የእንግሊዝ ባንክ በአሥር ፓውንዱ ላይ ያተመው ይህንን የታደሰውን ነው። ከሥሩ ከንባብ የሚበልጥ ደስታ የለም የሚል ጥቅስ አለበት። ጥቅሱ በእርግጥ ከመጽሐፏ የተወሰደ ነው፤ የምትናገረው ግን ካሮላይን ቢንግሊ የምትባል፣ ንባብ የማትወድ፣ አንድ ሀብታም ወንድ እንዲያያት ብቻ መጽሐፍ የያዘች አስመሳይ ናት። ኦስተን ይህንን ብታይ የምትስቀውን ሳቅ አስቡት። ብሩን በእጄ በያዝኩ ቁጥር ያ ሳቅ ይሰማኛል።

ስለዚህ ልጄ የምታነበው መጽሐፍ ምን አደረገ? ዘመዶቿ ያወለቁትን ጥርስ መለሰላት። እዚህ ድረስ ደርሼ ነገሩ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ጻድቁ ሲነሡ

ካቴድራሉ ውስጥ የቅዱስ ስዊዚን መታሰቢያም አለ። ስዊዚን በዘጠነኛው መቶ ዓመት የዊንቸስተር ጳጳስ የነበረ ነው። በባህሉ እንደሚባለው ዝናብ የሚወርድበት፣ ሰው የሚረግጠው ደጅ ላይ ቅበሩኝ ብሎ ነበር፤ በኋላ በጁላይ 15 ቀን 971 ዓፅሙን ወደ ውስጥ ሲያስገቡት ተቆጥቶ ዝናብ አወረደ ይላሉ። እስከ ዛሬ እንግሊዞች በዚያ ዕለት ከዘነበ አርባ ቀን ይዘንባል ይላሉ። ይህንን ለእናቴ ስነግራት ዓይኗ በራ። ስለ ኦስተን ስነግራት እንዲህ አልሆነችም። «እንደኛው ናቸዋ! ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት እንደምንለው።» በባቡር ስንመለስ ስለ ጻድቁ ጨምሪልኝ ስላለችኝ ስልኬን አውጥቼ መፈለግ ያዝኩ። እዚያ ላይ ነው ግጥሙን ያገኘሁት።

ግጥሙ የጄን ኦስተን ነው። የተጻፈበት ቀን ጁላይ 15 ቀን 1817 ይላል፤ የስዊዚን ዕለት፣ እሷ ለሕክምና ዊንቸስተር በተከራየችው ቤት ተኝታ ከመሞቷ ሦስት ቀን በፊት። ካሳንድራ በእጇ ጽፋ አስቀርታዋለች።

እናቴ ባቡሩ ውስጥ ስለነበረች እዚያው በአማርኛ ነገርኳት። የዊንቸስተር ሰዎች የፈረስ ውድድር አዘጋጁ። የከተማዋን አሮጌ ጻድቅ ማስፈቀድ ግን ረሱ። ቀኑ ብራ ነው፣ ጌቶችና እመቤቶች በሐርና በለምድ አጊጠው መጥተዋል፣ ማንም የሰጋ የለም። ጻድቁ ይህን ሲሰሙ ከመቃብራቸው በአንድ ዝላይ ተነሥተው የፈረሰው ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ቆሙ፤ እንዲህም ብለው ጮኹ፤ እናንተ አመፀኞች! ከተቀበርን በኋላ የሞትን ይመስላችኋል፤ እነሆ እዩኝ፣ ሕያው ነኝ! ሩጫችሁን ወደፈለጋችሁት ቀን አዛውሩት፣ ደረቅ ቀን አታገኙም፤ በጁላይ ላይ ያለኝን ሥልጣን ታውቃላችሁ።

«ሳያስፈቅዱ?» አለች እናቴ። «በዕለተ ቀናቸው ፈረስ ሊያስጋልቡ? ደግ አደረጉ!» እየሳቀች መዳፏን ጉልበቷ ላይ መታች። ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ፈገግ አለ። ከዚያ ይህን የጻፈችው ሴትዮ ድንጋዩን ያየነው ናት፣ ስትጽፈው ሞት አፋፍ ላይ ነበረች አልኳት። እናቴ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ይሄን ነበር ድንጋዩ ላይ መጻፍ፣» አለች።

እኔ ያን ጊዜ ስለ እናቴ ጥያቄ ማሰብ ትቼ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። እነዚህ ቀልደኛ መጻሕፍት አንዲትን የተከበረች ሟች ከመቃብሯ ጎትተው ያስነሡ መስሎኝ ነበር። ለካስ ከሞት ተነሥቶ በሰው ላይ የሚቀልድ ሟች የእሷው የመጨረሻ ገጸ ባሕርይ ነው። ያውም እዚያው ከተማ፣ እዚያው ካቴድራል፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ እሷ ራሷ የምትገባበት ወለል አጠገብ። ራሷን አላነሣችም፤ ጳጳስ ነው ያስነሣችው። ግን ሞት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ «ከተቀበርን በኋላ የሞትን ይመስላችኋል» የሚለውን ስንኝ የጻፈች ሴት ስለ ጻድቁ ብቻ እያሰበች ነበር ብሎ ማን ያምነኛል?

ዘመዶቿም ገብቷቸዋል መሰለኝ። ወንድሟ ሄንሪ በሞተችበት ዓመት ባወጣው አጭር ማስታወሻ ልትሞት ስትል ስንኞች መቋጠሯን ጠቅሶ ነበር። በ1830ዎቹ ማስታወሻው ሲታደስ ያ ዓረፍተ ነገር ወጣ። የወንድሟ ልጅ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ እኅቱ ካሮላይን፣ ስለ ሞተ ጻድቅና ስለ ፈረስ ውድድር የተቀለደ ቀልድ ከአሟሟቷ ታሪክ ጋር አብሮ ቢቀመጥ አያምርም ብላ መከረችው፤ እሱም ተወው። ግጥሙ የታተመው በ1906 ነው፤ ከሞተች ከሰማንያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ።

እዚህ ላይ ለዘመዶቿ ማዘኔ አልቀረም። የተወደደ ሰው ሲሞት እኛም እንዲሁ ነን፤ ለቅሶ ቤት የሟቹን ምላስ ማን ያነሣል? ካሳንድራ ደብዳቤ ስታቃጥል እኅቷን ከሰው አፍ እየጠበቀች ነው። ግን ግጥሙን አላቃጠለችም። ለምን እንደተወችው አንዳንዴ ማታ ማታ ይመጣብኛል።

አሥር ፓውንድ

የኦስተን ቫምፓየርነት ከባይረኑ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ፤ ገንዘብ። በልጄ መጽሐፍ ውስጥ የሚያስቀው ዋናው ነገር ደም አይደለም። ድርሰቷን ይዛ አሳታሚ በር ላይ የምትቆመዋ ሴት ናት። ይህ ደግሞ ፈጠራ ሊባል አይችልም። በ1797 አባቷ የአንዱን ድርሰቷን ነገር ለአንድ የለንደን አሳታሚ ጽፎ ነበር፤ ሰውየው ሳያነበው በመልስ ፖስታ አልፈልግም አለ። ያ ድርሰት ተስተካክሎ በ1813 ኩራትና ቅድመ ፍርድ ተብሎ ወጣ፤ መብቱን በ110 ፓውንድ ሸጠችው፣ ከዚያ በኋላ ከወጡት እትሞች ሁሉ የተገኘው ለሌላ ሆነ።

ከዚህ የሚብሰው የ1803ቱ ነው። ሱዛን የሚል ርእስ የሰጠችውን ልብ ወለድ ለአንድ አሳታሚ በ10 ፓውንድ ሸጠችለት። ሰውየው ሊወጣ ነው ብሎ አስነገረ፣ አላወጣም። ስድስት ዓመት ጠብቃ በ1809 በሐሰት ስም ደብዳቤ ጻፈችለት፤ የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ አድርጋ ስትፈርም በእንግሊዝኛ እብድ ወይም የተናደደ የሚል ቃል እንዲወጣ አድርጋ ነው። ሰውየውም ሌላ ቦታ ካሳተምሽው እከስሻለሁ፣ ከፈለግሽ በከፈልኩት 10 ፓውንድ መልሰሽ ግዢው አላት። መልሳ የገዛችው በ1816 ነው፤ ታትሞ ሳታየው ሞተች። እና ይህ ድርሰት ስለ ምን ነው? የሚያስፈራ ልብ ወለድ አብዝታ አንብባ፣ እንግድነት የሄደችበት ቤት ሁሉ የተገደለ ሰው የተደበቀበት ስለሚመስላት ልጅ ነው። የሚያስፈራ ቤትና የመናፍስት ድርሰት ላይ የተቀለደ ቀልድ! በጥርሰኛ ሟቾች መቀለድን ከእሷ አጠገብ ሌላ ሰው ሊጀምረው አይችልም ነበር።

ከባይረን ጋር ማጣመራቸውም እንዲሁ መሠረት አለው። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም፤ ግን ከ1815 ጀምሮ አሳታሚያቸው አንድ ሰው ነበር፣ ጆን መሪ። በፌብሩዋሪ 1814 የባይረን ኮርሴይር የተባለው ግጥም በወጣበት ዕለት አሥር ሺህ ቅጂ ተሸጠ። እሷ በማርች ለካሳንድራ ስትጽፍ፣ ኮርሴይርን አነበብኩ፣ የውስጥ ቀሚሴን ጠገንኩ፣ ሌላ የምሠራው የለኝም አለች። አገር ምድሩን ያሳበደውን ግጥም ከተቀደደ ቀሚስ እኩል አስቀምጣ አለፈችው። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ለዘለዓለም መቆለፍ የማያምረው ቀልደኛ ደራሲ ካለ፣ ሥራውን ይቀይር።

እኛስ?

ይህን ሁሉ ሳወራት የሰነበትኩ አንዲት ጓደኛዬ «በኛ ደራስያንስ ትሞክሪዋለሽ?» አለችኝ። መጀመሪያ ትዝ ያለኝ በዓሉ ግርማ ነው። ወዲያውም እጄን ሰበሰብኩ።

በዓሉ ኦሮማይን ባሳተመ ማግሥት፣ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መቃብሩ አይታወቅም። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ የሱን አሟሟት እንኳ የነገረን የለም። ኦስተን ስትነሣ የምንስቀው ድንጋዩ ስላለ፣ ቀኑ ስለተጻፈበት፣ ማንም በሩን ሲያይ የሚጠብቃት ስለሌለ ነው። በዓሉን ግን ቤተሰብም አንባቢም ለብዙ ዓመት በር በሩን እያየ ጠብቆታል። ከሞት የተረፈ በዓሉ ለዚያ ትውልድ ጸሎት ነበር፤ ጸሎትን ቀልድ ማድረግ ድፍረት እንኳ አይባልም። ለእናቴ ጥያቄ አዎ፣ የሚቆጣለት አለ የሚባልበት ቦታ ይህ ነው። የምቆጣው እኔው ነኝ።

ሌላ ሰው ግን አለን፤ ያውም ለብዙ ዘመን ስንቀልድበት ልብ ያላልነው። አለቃ ገብረ ሐና። ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ዐፄ ምኒልክ የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው፤ ተክሌ የሚባለው የአቋቋም ስልት ከእሳቸው ወጥቶ በልጃቸው ስም ይጠራል። እኛ ግን በማኅሌቱ አናውቃቸውም። የምናውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ከቀልዳቸውም ስንቱ የራሳቸው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው አዲስ ቀልድ ሲፈጥር «አለቃ ገብረ ሐና አንድ ቀን...» ብሎ ይጀምራል። እሳቸው ከሞቱ በኋላ በመጣ ዕቃ ሁሉ ሲቀልዱ ሰምቻቸዋለሁ። ይህ ከሞት መነሣት ካልሆነ ምንድን ነው? እናቴ፣ የኦስተንን ጉዳይ ሰምታ ቢላዋዋን ያስቀመጠችው ሴትዮ፣ ስለ አለቃ ሲወራ ቀድማ ትስቃለች። ማንም የሚቆጣ ዘመድ የላቸውም ወይ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ሊቁ ተረሱ ብሎ የሚከፋ ቢኖር ግን እፈርድለታለሁ፤ ኦስተንን ጣፋጭነት ዋጣት፣ እሳቸውን ደግሞ ሳቁ።

እናም ጀምሬዋለሁ። አለቃ ሞተው አልሞቱም፤ ሌሊት ሌሊት እየተነሡ አንዲት ከእንግሊዝ አገር የመጣች፣ ምላሷ እንደሳቸው የሚቆርጥ መጽሐፍ ሻጭ ጋ ይመላለሳሉ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ቶሎ መጣልኝ። ሁለቱ ጸሐፍት በሰው ሲዘባበቱ መስማት ብቻ በቂ ነበር። ያቆመኝ ጾሙ ነው። እሷ ያሻት ቀን ትነክሳለች። እሳቸው ረቡዕና ዓርብ አይችሉም፣ ሁዳዴ ሲገባ ሃምሳ አምስት ቀን፣ ከዚያ የሐዋርያት፣ ከዚያ ፍልሰታ። ደም ደግሞ በፍስክም ቢሆን ክልክል ነው፤ መጽሐፍ ያውቃል። ጾመኛ ቫምፓየር በምን ይኖራል? ቀይ ሥር እየጨመቁ እንዲጠጡ ላደርግ አስቤ ነበር፤ ለሳቸው ግን ይህ ውርደት ነው። እንደማውቃቸው ከሆነ ከቅኔ ቤት አንድ መውጫ ያጡለታል ብዬ አላምንም። እስካሁን ግን እኔ አላገኘሁትም፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ሰኔ ላይ ቆሟል።